ለቡችላ ደጅ መጥናት

«ደጅ» የሚለው ቃል በአማርኛ ቋንቋችን ብዙ አገልግሎት አለው። ሰው ሹመት ወይም ፍርድ ፈልጎ በባለ ሥልጣን በር ሲመላለስ «ደጅ ጠና» ይባላል። ያው ሰው ተፈጥሮ የምታስገድደውን ጉዳይ ለመፈጸም ከቤቱ ሲወጣ ደግሞ አባቶቻችን ነውሩን በቃል ለመሸፈን ሲሉ «ደጅ ወጣ» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ትርጓሜዎች እጅግ የተራራቁ ይመስሉን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ግን ሁለቱም በአንድነት ከቤታችን ገቡ፤ አንድ ቡችላ ደጅ ይወጣልን ዘንድ ሁለት ወር ሙሉ ደጅ ጠናነው። ነገሩ ለመጽሔት የሚበቃ ቁም ነገር አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ትንሽ ፍጥረት ያገኘነው ትምህርት ከምንጣፋችን ተነሥቶ እስከ መሥሪያ ቤታችን ስለ ደረሰ፤ ለአንባቢዎቻችን ብናካፍለው አይከፋም ብለን ብዕራችንን አነሣን።

ቡችላው የተወለደው በሆለታ አጠገብ በወላጅ እናታችን ግቢ፤ ከጎተራው ሥር በተነጠፈ ጭድ ላይ ነው። የ7 ዓመት ልጃችን ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አያቱን ሊጠይቅ ሄዶ 2 ሳምንት ሰነበተ፤ በሐምሌ መጀመሪያም በካርቶን ውስጥ ቡችላውን ታቅፎ መጣ። ቡችላው በዚያን ጊዜ የ9 ሳምንት ዕድሜ ነበረው። ስሙንም እናታችን አውጥታለት ኖሮ «ምን በደለ ይባላል» ሲል ልጃችን አስታወቀን። በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ብቻ ተብሎ የሚወጣ አይደለም። ባለቤቱ ለጎረቤቱ ወይም ለዘመዱ ፊት ለፊት ሊናገረው ያልወደደውን ቃል በውሻው ስም አሳብቦ ይናገርበታል፤ ውሻው በተጠራ ቍጥርም ነገሩ የሚመለከተው ሰው ይሰማል። እናታችን በሆለታ ከማን ጋር ተቀያይማ ይሆን ብለን ሳቅን እንጂ፤ ስሙን ከዚህ አብልጠን አልመረመርነውም።

መኖሪያችን በአዲስ አበባ በጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንደኛው፤ በአራተኛው ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ከደጃፋችን እስከ መሬት 72 ደረጃ እንወርዳለን። ከደረጃው ግርጌ አንድ ሱቅ አለ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ባለ ሱቁ ጄኔሬተሩን ያስነሣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግቢ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። በድንጋዩም ላይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሌሊት ሌሊት ሸንጎ ይቀመጣሉ። እኛ ይህን ሁሉ ለምደነው ስለ ነበር፤ በጭድ ላይ ተወልዶ ከእናቱ ጡት በቅርቡ ለተለየ ፍጥረት ምን እንደሚመስለው አላሰብንም።

በመጀመሪያው ቀን ማታ፤ የቤት ሥርዓት ከጧቱ መልመድ አለበት በማለት ደጃችንን ከፍተን ጠራነው። ቡችላው እስከ መድረኩ መጣና የፊት እግሮቹን ተክሎ ቆመ። ብንስበው ወደ ኋላ ተጎተተ፤ ስለዚህ አቅፈነው ወረድን። ዝናብ ነበረና በአንድ እጃችን ጃንጥላ፤ በሌላው የውሻ ማሰሪያ ይዘን፤ በድንጋዩ ላይ 10 ደቂቃ ያህል እንደ ዘበኛ ቆምን። እርሱም ጅራቱን ከእግሮቹ መካከል ከትቶ፤ ጆሮውን አጥፎ፤ ከጫማችን ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ መቆም በኋላ አንዲት ጠብታ አልወጣችውም። ተስፋ ቈርጠን 72ቱን ደረጃ ወጥተን ከቤት ባስገባነው ጊዜ ግን፤ ገና ጃንጥላችንን ሳናጥፍ ከሳሎኑ ምንጣፍ መካከል ሄዶ፤ በታላቅ ዕረፍት ሸና።

ይህ ነገር በማግስቱም በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ። እኛም «ይህ ቡችላ ንቆናል» አልን። ሰው ሥራ ውሎ ደክሞት ሲገባ የማያውቀውን ነገር ሁሉ በንቀት መተርጐም ይቀለዋል። በልጅነታችን ሲደረግ ያየነውን ዘዴ አስታወስንና ቡችላውን በማጅራቱ ይዘን አፍንጫውን ከረጠበው ምንጣፍ ላይ አሸነው፤ በተጠቀለለ ጋዜጣም መታነው። የቤታችን እመቤት «ተዉ፤ ገና ሕፃን ነው» ብትለንም፤ «ሕፃን ካልተቀጣ መቼ ይማራል» ብለን መለስንላት። ልጃችን ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይመለከት ነበር። እኛ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ልጃችን አልተመለከትንም።

ቅጣቱ በሳምንቱ ውስጥ ፍሬ ያፈራ መሰለን፤ ምንጣፉ ደረቀ። በዚህም በመሥሪያ ቤታችን ለባልደረቦቻችን እስከ መኩራራት ደርሰን ነበር። በኋላ ግን ቤቱ ይሸት ጀመር። ብንፈልግ ከአልጋው ሥር፤ ከመደርደሪያው ኋላ፤ ጫማችን ከሚቀመጥበት ጥግ፤ በየሥርቻው ተገኘ። ቡችላው የተማረው ከቤት ውስጥ መሽናት ክልክል መሆኑን ሳይሆን፤ በእኛ ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን ነበር። ይህም ትምህርት ሌላ ጥፋት አስከተለ፤ ደጅ ባወረድነው ጊዜ ማሰሪያው በእጃችን ነውና ከእኛ ሊርቅ ስለማይችል፤ ሽንቱን የባሰውን ይዞ ይመለስ ጀመር። በገዛ እጃችን ደጁን ዘጋንበት ማለት ነው።

በአንድ ቅዳሜ ጧት ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሽታ ሸተተንና፤ አሁንም ያው አመሉ ነው ብለን በቍጣ እጃችንን ሰደድን። የወጣው ግን የተጠቀለለ የአልጋ አንሶላ ሆነ፤ ርጥብ ነበር። የልጃችን አንሶላ ነው። ልጃችን አልጋውን በሌሊት አልፎ አልፎ ያረጥብ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ስለዚህም ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ ገሥጸነው ነበር። መደበቁን ግን ከዚያ በፊት አላየንም። ጠርተን ጠየቅነው። ወደ ግድግዳው ሸሽቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነና እንዲህ አለን፦

«አባዬ፤ አፍንጫዬን እንዳታሽብኝ።»

ቡችላውም ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሁለታችንንም ይመለከት ነበር። ያን ቀን ጧት ቁርስ አልበላንም።

ከእኛ ቤት በታች፤ በምድር ቤቱ፤ ብዙ ዘመን በገጠር በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። ቡችላውን ታቅፈን ወደ እርሳቸው ወረድን። «ጋሼ፤ ይህን እልኸኛ ምን ብናደርገው ይሻላል?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጥርሱን፤ ሆዱንና የእግሩን መዳፍ ከመረመሩ በኋላ ከጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት ዝም አሉ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ሲነሣ ቡችላው ጭንቅላቱን ከብብታቸው ከተተ። «ልጄ፤» አሉን፤ «እልኸኛ ቢሆን ይህን አያደርግም። ይህ ፈርቷል። የፈራ እንስሳ ደግሞ ሽንቱን አይለቅም፤ ጠላት ባለበት ቦታ ዐይኑን ከድኖ መቆም ይሆንበታላ። ከቤት ስትመልሰው ሰውነቱ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ይለቃል። አንተ ንቀት ያልኸው ዕረፍቱን ነው።»

ቀጥለውም ሌላ ጥፋታችንን አስረዱን። ቡችላ ክትባቱን ሳይጨርስ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚመላለሱበት መሬት ላይ ማቆም አይገባም። ፓርቮ የተባለው፤ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ አምጥቶ ቡችሎችን የሚፈጅ ቫይረስ በአፈር ላይ ብዙ ወራት ይቆያል። የዚህ ክትባት ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በ3 ወሩ ይሰጣል፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ውሻንም አይምርምና፤ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። «እስከዚያ ድረስ ደጁ ወደ እርሱ ይምጣ እንጂ፤ እርሱ ወደ ደጁ አይሂድ» አሉን።

እኛም ነገሩ ስለ ከነከነን ሊቃውንት የጻፉትን ፈልገን አነበብን። የቡችላ ጠባይ በዘፈቀደ የሚበቅል አለመሆኑን ተረዳን። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ሽንቱን በራሱ ማውጣት አይችልም፤ እናቱ እየላሰች ታስወጣዋለች፤ ታጸዳዋለችም። ከዚያ በኋላ እግሩ ሲጠና ከመኝታው ራቅ ብሎ መሽናት በራሱ ይጀምራል። በዚያን ጊዜም እግሩ የለመደውን መሬት፤ ጭድ ቢሆን ጭድ፤ አፈር ቢሆን አፈር ይመርጣል። የእኛ ቡችላ የድንጋዩን ንጣፍ አያውቀውም ነበር። የሳሎናችን ምንጣፍ ግን ለስላሳነቱ ጭድ ሳይመስለው አልቀረም።

በአሜሪካ አገር በሜይን ግዛት በባር ሃርበር ከተማ ለብዙ ዓመታት ውሾችን ያጠኑ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፤ ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለቡችላ ዋና የትምህርት ዘመን መሆኑን ገልጸዋል። ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚወዳጀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያስፈራው ነገርም በዚሁ ጊዜ ይታተምበታል። እኛ እንግዲህ ከዚህ አጭር ዘመን ላይ 2 ሳምንቱን በተጠቀለለ ጋዜጣ አሳልፈነዋል።

ስለዚህ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርን። ከእናታችን ግቢ አንድ ጆንያ አፈርና ጭድ አስመጥተን በሰፊ ሳፋ አድርገን በሰገነታችን ላይ አኖርነው። ቡችላው በቀረበው ጊዜ አሸተተ፤ ዞረ፤ እንደገና አሸተተ፤ ከዚያም በመጣ በሦስተኛው ሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ እያየነው ሸና። ልጃችን የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ ወዲያውኑ ሰጠው። ሽልማቱ ወዲያውኑ መሆን አለበት፤ ከደቂቃ በኋላ የሚሰጥ ሥጋ ስለ ምን እንደ ተሰጠ ቡችላው አያውቅምና። በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩስያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ውሻ አንድን ምልክት ከሚከተለው ነገር ጋር እንዴት እንደሚያያይዝ አሳይቷል። እኛም ሳያውቀን ያንኑ ሕግ ስንሠራበት ቆይተናል፤ ነገር ግን ያያያዝነው የእኛን እግር ኮቴ ከጋዜጣው ጋር ነበር።

ልጃችን በዕረፍት ላይ ስለ ነበር የሰዓት ጠባቂነቱን ሹመት ለእርሱ ሰጠነው። ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው በግምት በዕድሜው ወር ልክ በሰዓት ነው፤ የ2 ወሩ 2 ሰዓት፤ የ3 ወሩ 3 ሰዓት ያህል። ከዚህም በቀር ከእንቅልፉ ሲነቃ፤ ከበላ በኋላና ተጫውቶ ሲያበቃ ጊዜው ነው። ወለሉን እያሸተተ ክብ ሲዞር ከታየ ደግሞ ቀጠሮ አይጠየቅም። ልጃችን ይህን ሁሉ በደብተሩ ላይ አስምሮ ይመዘግብ ነበር። ሌሊት አንድ ጊዜ የመነሣቱ ተራ ግን የእኛ ሆነ። ቡችላው ሲሸና «ደጅ» የሚለውን ቃል በለሆሳስ እንነግረዋለን፤ ቃሉ ከጉዳዩ ጋር እንዲዛመድለት ነው።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፤ ሳፋውን በየጥቂት ቀኑ አንቀሳቀስነው፤ ከሰገነቱ ወደ ሳሎኑ በር፤ ከሳሎኑ በር ወደ ደጃፋችን መድረክ። በዚያው መጠን ቡችላውን በየቀኑ ታቅፈን፤ እግሩ መሬት ሳይነካ፤ ወደ ታች እንወርዳለን። መጀመሪያ ጄኔሬተሩን ከሦስተኛው ፎቅ ሆኖ ሰማው፤ ሥጋ በላ። ከሁለተኛው ሆኖ ሰማው፤ ሥጋ በላ። ባንቀጠቀጠው ቀን አንድ ፎቅ ወደ ኋላ እንመለሳለን። አንድ ቀን ባለ ሱቁ «ጌታው፤ ይህን ውሻ ክርስትና ልታስነሡት ነው?» ቢለን እኛም ሳቅን።

ምንጣፉን የምናጥብበትንም ዘዴ ለወጥን። ቀድሞ በረኪና እናፈስበት ነበር። ነገር ግን በረኪና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ለመተንፈሻ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ የሽንቱንም ሽታ ከውሻ አፍንጫ አያጠፋውም፤ ቡችላው ደግሞ ትናንት ወደ ሸተተበት ዛሬም ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በጨርቅ ማድረቅ፤ ከዚያ በሳሙናና በውሃ፤ በመጨረሻም ውሃ በገባበት አቼቶ ማጠብ ይሻላል። ስሕተት ባገኘን ጊዜም ያለ ቃል እናጸዳለን። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጋዜጣ በቤታችን የሚገባው ለመነበብ ብቻ ነው።

የክትባቱ ተራ በነሐሴ መጨረሻ ባለቀ ጊዜ፤ የሳፋውን አፈር ተሸክመን ወርደን ከሕንፃው ጀርባ፤ ከሱቁ በራቀው በአጥሩ ጥግ ደፋነው። ቡችላው በእግሩ ወረደ፤ የራሱን ሽታ አገኘ፤ ሸና። እንደ ጨረሰ ወዲያው አልመለስነውም፤ ጥቂት እንዲሮጥ ተውነው። የደጅ ደስታ በሽንት የሚያልቅ ከሆነ፤ ብልህ ቡችላ ደስታውን ለማስረዘም ሽንቱን ይይዛልና። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳምንት አንድ ጧት በራሱ ፈቃድ ወደ በሩ ሄዶ መዝጊያውን በእግሩ ቧጠጠ። እኛም ሰው እንደ መጣብን ያህል ተደናግጠን ከፈትንለት። ነጐድጓድ በበረታበት ቀን አሁንም አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ እኛም አናማርርም። ሥርዓት የለመደ ውሻ ሳይታሰብ በተደጋጋሚ ቢሳሳት፤ ሲሸና ቢያምጥ ወይም ደም ቢታይበት ግን፤ ይህ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ እንጂ የጠባይ ጉዳይ አለመሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ስለ ልጃችንም እንናገር። በዚያው ቅዳሜ ማታ አጠገባችን አስቀምጠን፤ እኛም በእርሱ ዕድሜ ሳለን አልጋ እናረጥብ እንደ ነበር ነገርነው። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገርንም። በ7 ዓመታቸው አልጋ የሚያረጥቡ ልጆች ጥቂቶች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ሰውነታቸው ሲጠና ይተዉታል፤ ቍጣም አያፈጥነውም። ልጃችን ፈጽሞ ተወ ብለን አንዋሽም። ነገር ግን አንሶላውን አይደብቅም፤ ጧት ራሱ ወደ ማጠቢያው ያመጣዋል።

በመሥሪያ ቤታችንም አንድ ነገር አስተዋልን። አንድ ባለጉዳይ ከጠረጴዛችን ፊት ቆመው የመጡበትን ጉዳይ መናገር አቃታቸው። ወረቀታቸውን እያገላበጡ ሲንተባተቡ፤ እኛም «ምን ፈልገው ነው የመጡት? ሰልፍ አለ» አልናቸው። ወጥተው ሄዱ። በምሳ ሰዓት ዘበኛው ጉዳያቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቃንቶ ነገረን። ሽማግሌው ለእኛ ያልተናገሩትን ሁሉ፤ ልክ ከበሩ እንደ ወጡ፤ ለዘበኛው ተናግረውት ኖሯል። ስንት ሰው እንዲህ ጉዳዩን ይዞ ከፊታችን ተመልሶ ይሆን? በማግስቱ ከጠረጴዛችን ፊት ለፊት አንድ ወንበር አኖርን፤ የመጣውም ሰው ሳይቀመጥ ጥያቄ አንጠይቅም። መምህራን አንባቢዎቻችንም ከሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያውቀው የሚጠፋበትን ተማሪ አያጡትም።

ለመስቀል እናታችን ከሆለታ መጣች። ውሻው በደረጃው ተከትሏት ወጣ፤ ልጃችንም ሥርዓቱን ሁሉ እየቈጠረ አስረዳት። ቡና ሲፈላ «እማዬ፤ ለመሆኑ ይህን ስም ያወጣሽው ለማን ነው?» ብለን ጠየቅናት። ወደ ልጃችን አየች፤ እርሱም ሰገነቱ ላይ ከውሻው ጋር ነበር።

«እኔ ዘንድ በሰነበተ ጊዜ አንድ ሌሊት መኝታውን አረጠበ» አለችን፤ «ሲነጋ እግሬ ላይ ወድቆ ለአባዬ እንዳትነግሪ አለኝ። አንተም በሕፃንነትህ እንዲሁ ነበርህ፤ አባትህ ነፍሱን ይማረውና አለንጋ ሲያነሣ፤ እኔ ከመካከል ገብቼ ምን በደለ፤ ምን በደለ እያልሁ እለምነው ነበር። ትልቅ ሰው ሆነሃል፤ የመንግሥት ሥራ ይዘሃል፤ በቤትህ ገብቼ ልጅህን አትቈጣ ልልህ አልችልም። ስለዚህ በቡችላው ላክሁልህ።»

ያን ስም ሁለት ወር ሙሉ ከአራተኛው ፎቅ ላይ በራሳችን አፍ ስንጠራው ኖረናል።